ስለ አእምሮ ሕሙማን ከቤተ እስራኤል የምንማረው

እኛ የወሎ ሰዎች ስለ ጸሎት ሌላ አስተማሪ የምንሻ አይመስለኝም፤ ግሼን ማርያም የሚወጣው ምእመን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሱባዔ የሚገባው ባሕታዊ፣ በወዳጃው ሌሊት ረከቦቱን ከብቦ ዱዓ የሚያደርገው ሽማግሌ ባሉበት አገር የልመና ጉድለት የለምና። ነገር ግን አእምሮው የታወከ ወንድም ወይም እኅት ከቤታችን በተገኘ ጊዜ ልመናችን ከአፋችን ሳያልፍ ይቀርና ሕሙሙ በጓዳ ተዘግቶ፣ ወይም በጸበል ዳር በሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ሲነጉዱበት እናያለን። ስለዚህ ጸሎትን ከሥራ ጋር አስተሳስሮ የኖረ የገዛ አገራችንን ሕዝብ በምሳሌነት ላነሣ ወደድሁ።

ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ በጎንደርና በስሜን ኦሪትን ጠብቀው ሲኖሩ፣ ከማስተሥረያ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ቄሶቻቸው መጽሐፉን ተሸክመው፣ ሕዝቡም ጾሞ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለንስሐ ምልክት ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተራራ እየወጣ የሰግድን በዓል ያከብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው፣ ባሕር ይከፈልልናል በሚል ተስፋ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ከመንገደኛውም ብዙው በትግራይ ምድር በራብና በበሽታ አለቀ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተነሣው ትውልድ ያንኑ ተስፋ የያዘ ቢሆንም መንገዱን ለተአምር ብቻ አልተወውም፤ መምህሩ ዮና ቦጋለ በባሕር ማዶ ለሚገኙ የአይሁድ ማኅበራት ደብዳቤ ሲጽፉና አቤት ሲሉ ኖሩ፣ መምህሩ ፈረደ አክሉም ደግሞ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ለወገኖቹ መውጫውን አመላከተ። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲጫን፣ ከኋላው ያልተለቀሰላቸውን ሙታን ትቶ ነበር።

ያ ሐዘን አብሮ ተሳፍሮ ሄደ። በእስራኤል ሐኪም ቤቶች የተቀመጡት ሐኪሞች፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ሕመምተኛ ዛር ያዘኝ ሲል ነገሩን ከባዶ ሊማሩት ግድ ሆነባቸው፤ ቄሱንና ሽማግሌውን ሳይሰሙ ክኒኑን ብቻ መስጠት እንደማይበቃ ከተረዱት መካከል የጻፉም አሉ። ዛርን ለማያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፤ ለወሎ ሰው ግን የጎረቤት ወሬ ነው።

ጸሎትና መድኃኒት ባላንጣዎች ናቸው የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ከመጻሕፍት እንዳልመጣ ግን ግልጽ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእት ዓመት በኢየሩሳሌም የኖረው አይሁዳዊ ጠቢብ ሲራክ፣ መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠርለት፣ የታመመ ሰው ወደ አምላኩ እንዲለምን ከነገረው በኋላ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጠው ያዝዘዋል። ሙሳ ኢብን መይሙን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈው የአይሁድ ሊቅና ሐኪም ደግሞ በግብፅ ተቀምጦ፣ ለሳላሕ አድ-ዲን ልጅ ለአል-አፍደል፣ ትካዜ ለጸናበት እስላም መስፍን፣ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በዓረብኛ መጽሐፍ ጻፈለት። በእኛም ዘመን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበላቸውን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ነፍስ አትርፈዋል ብዬ አምናለሁ። ያ ቃል ለአእምሮ ሕሙማንም በየደብሩ እንዲህ ጎልቶ ቢነገር ምን ነበረበት?

በኮምቦልቻ የማውቀው አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ግን በዚያው ሱሪ የሚያሳጥር፣ ሦስት ልጆች የሚያስተምር ሰው። በየወሩ መርፌውን ሊወጋ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲመጣ፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ከጎኑ የሚሰለፈው እስላም ጎረቤቱ ነው፤ ተራው እስኪደርስም ስለ በርበሬ ዋጋ ያጫውተዋል። የማታ ክኒኑን ሚስቱ ከቶናው ስኒ ጋር ታቀርብለታለች፤ መድኃኒቱ እጁን ስለሚያንቀጠቅጠውም ጧት ጧት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባለት እርሷ ናት። ድምፆቹ የበረቱ ዕለት “ዛሬ በዝተውብኛል” ይላታል፤ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግለታለች፣ እርሱም መርገጫውን እየረገጠ ስፌቱን ይቀጥላል። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ተይዘው የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ግን መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ የስፌት መኪናውም በነጠላ ተሸፍኖ ከረመ። በወዳጃ ዱዓ ያደረጉለት፣ በማርያም ስም የተሳሉለት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ ፌስታሉን ይዞ የሚሰለፈው ጎረቤቱ ዱዓው ደርሷል እላለሁ።

ይህን የምለው መንግሥት ከመድኃኒት አቅርቦት ዕዳው ነጻ ይሁን ብዬ አይደለም፤ መደርደሪያው ባዶ የሆነ መድኃኒት ቤት በጎረቤት ደግነት አይሞላም። ሆኖም በጀት የማይጠይቀውም ሥራ እየተሠራ አይደለም። በእንጦጦ ጸበሉ ካለበት አጠገብ የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተባብረው ሕሙማንን ማከም የጀመሩት ካህናቱ በሩን ስለከፈቱ ነው፤ በደሴ ዙሪያ ያሉ የጸበል ስፍራዎች ከሆስፒታሉ አንድ የአእምሮ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ይላክልን ብለው ቢጠይቁ ሃይማኖታቸው አይጎድልም። ኢማሞቹም በጁምዓ ኹጥባቸው፣ የታሰረ ሕሙም ያለበት ቤተ ዘመድ ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ሕክምና እንዲያመጣው ሊመክሩ ይችላሉ። ዕድሮቻችን ደግሞ፣ ሰው በሞተ ማግስት ድንኳን ተክለው ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ከመዋጮው ጥቂት ቀንሰው በሕይወት ላለው ሕሙም የኮምቦልቻ–ደሴን የደርሶ መልስ ታሪፍ ይክፈሉ፤ ለመጪው ወር ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፣ የሚቃወመኝ ካለም ምክንያቱን እዚያው ያስረዳኝ።