በመንዝ ፀሐይና ውርጭ ተራ አይጠባበቁም

ይድረስ ሶላር ፓነል ለምትፈትሹና የፍተሻ ወረቀት ለምትፈርሙ የቀድሞ ባልደረቦቼ፤

ሰሞኑን መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ከአንድ ጤና ኬላ ጣሪያ ያወረድነው ፓነል ሙሉ ወረቀት ነበረው። 25 ዓመት ተብሎለት ስድስት እንኳ አልደፈነም። መስታወቱ ደህና ነው። ስናገላብጠው ግን የጀርባው ነጭ ፕላስቲክ በሴሎቹ መካከል ቁልቁል ተሰነጣጥቋል፤ ሲዳስሱት ጣት ላይ ዱቄት ይቀራል። ክረምቱ በስንጥቁ ገብቶ የውስጥ መስመሩ ዝጓል።

ሥራችሁን አላናንቅም። ፍተሻው ባይኖር ብየዳው በዓመቱ የሚለቅ ፓነል ገበያውን ያጥለቀልቀው ነበር። ይህን እያልኩ ስሟገትላችሁ ኖሬያለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ለዚሁ ነው።

ችግሩን ሁሉ ለየብቻው ትፈትናላችሁ። አንዱን ፓነል በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1,000 ሰዓት ታፍኑታላችሁ። ሌላውን ከዜሮ በታች 40 እስከ 85 ዲግሪ 200 ጊዜ ታመላልሱታላችሁ። አልትራቫዮሌት ጨረር ለሦስተኛው ይደርሰዋል፤ እሱም በካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት፣ የእኛ ፀሐይ በጥቂት ወራት የምታወርደው። ከዚያ ጥቂት ብርድ ይቀምሳል፤ ያም በተራው።

መንዝ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀን ጨረሩ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ሌሊት ውርጩ ያኮማትረዋል፣ ጠዋት ጤዛው ይገባበታል፤ በማግስቱም ያው ነው። የእናንተ አፈታተን የመንዝን ገብስ ጀማ በረሃ ዘርቶ ምርቱን መገመት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እርጅና በእጥፍ ይፈጥናል የምትሉት ስሌትም የሚያዋጣው ዕቃው የሚያረጅበት መንገድ አንድ ሲሆን ነው። ጨረርና ውርጭ ተባብረው ያመጡትን ስንጥቅ ሙቀት ብቻውን ከየት ያመጣዋል?

አልሰማንም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተመረቱ፣ ጀርባቸው ፖሊአማይድ የሆነ ፓነሎች ፍተሻውን አልፈው በባዕድ አገር በጥቂት ዓመታት ተሰነጣጥቀዋል። ጨረር፣ ሙቀት፣ ብርድና እርጥበትን በአንድ ናሙና ላይ አጣምሮ የሚፈትን ዘዴም ወጥቶ ያንኑ ስንጥቅ ላቦራቶሪ ውስጥ አሳይቷል። እና ምን ትጠብቃላችሁ?

ጨረታውማ አይነሳ! ገዢው ወረቀት መኖሩን እንጂ ምን እንደተፈተነ አይጠይቅም። ባትሪውም፣ የምንጭ ውሃው ቱቦም በዚሁ መንገድ ነው የሚገባው።

ከየግዢው ጥቂት ናሙና መሐል ሜዳ ላይ ስቀሉ፤ በየዓመቱ ጀርባቸውን እዩ። ወረቀታችሁ ከ25 ዓመት ዋስትና ጋር ተያይዞ ሲቀርብም ዝም አትበሉ፤ ፍተሻው ዕድሜ እንደማይለካ በግልጽ ጻፉበት።