ጤናችን፦ ፉርሽካውን ሁሉ ለከብት አንስጥ

አንድ ሰው ጉለሌ ያለ ልጁን ሊጠይቅ ከገጠር ይመጣል እንበል። ልጁም አባቱን ለማክበር ነጭ ዳቦና ፓስታ ያቀርባል። ሳምንት ሳይሞላ አባት ሆዳቸው ይደርቃል። «የከተማው ውሃ አልተስማማኝም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃው አይደለም። የጎደለው አሰር ነው።

ለመሆኑ አሰር ምንድን ነው? ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል ነው። ስንዴ ተፈጭቶ ሲነፋ ብዙው አሰር ከፉርሽካው ጋር ይወጣል። ጤፍ ግን ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ይፈጫል።

«ሆድ የማይፈጨው ነገር ምን ይረባል?» ትሉ ይሆናል። ይረባል እንጂ! አሰር ውሃ ይይዛል። ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል። አንጀትም ቶሎ ይገፋዋል። አሰር ሲያንስ ሰው ያምጣል። ማማጥ ሲበዛ ደግሞ ኪንታሮት ይመጣል። እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

አሰር ሌላም ጥቅም አለው። የበላነው እህል ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። አሰር ካለበት ቀስ እያለ ይገባል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ይረዳል። ቢሆንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

ቡርኪት የሚባል ሐኪም በኡጋንዳ ብዙ ዓመት ሠርቶ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በ1965 ዓ.ም. የኡጋንዳን ገጠሬዎች ከእንግሊዞች ጋር አስተያይተው ጻፉ። ምግቡ በእንግሊዞቹ ሆድ ውስጥ የቆየው ከገጠሬዎቹ እጥፍ በላይ ነበር። የገጠሬዎቹ ምግብ አሰር ነበረበትና።

በ2014 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ እንድንበላ ይመክራል። ሥራውን የመራው እዚሁ ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የስንዴ ዱቄት አብዝተን አንንፋ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጎመን እንብላ። የገብስ ቂጣ የድሃ ምግብ ነው ብለን አንናቀው። አሰሩን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንጨምር። አለዚያ ሆድ ይነፋል። ውሃም በደንብ እንጠጣ፤ አሰር ያለ ውሃ አይሠራም።

ከዓይነ ምድሩ ጋር ደም የሚያይ ሰው ግን ምግብ ብቻ ያድነኛል ብሎ አይቀመጥ። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ከተማ ላለ ልጃችሁም ስትጽፉ «ስመጣ ሽሮና ጎመን ይበቃኛል» በሉት።