ፒ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም

ባለፈው እሑድ እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ ልጅ ትምህርት ቤት የመጣውን ነገር እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አላት። የመጣው ነገር ኢሜይል ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ በኮሮና ምክንያት ትምህርቱ ከቤት ስለሆነ፣ የዚህ ሴሚስተር ውጤትህ እንደ ወትሮው በፊደል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ይመዝገብልህ? ወይስ «ፒ» ማለትም «አልፏል» ተብሎ ብቻ ይጻፍልህ? ለእያንዳንዱ ትምህርት ምረጥ፣ ወላጅ ይፈርምበት፣ እስከ ሐሙስ መልስ። ከታች በትንንሹ ደግሞ፣ ፎርሙን ያልመለሰ ተማሪ ፊደሉ እንዳለ ይመዘገብለታል ይላል።

እህቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው። «ፒ ምንድን ነው? ልጄ ኤ የሚያመጣ ልጅ አይደለም እንዴ? ምን አጥፍቶ ነው ፒ የሚሰጡት?»

ሰሞኑን እዚህ ኮሎምበስ ይህ ጥያቄ ያልተነሳበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ይመስለኛል። የ9ኛም ሆነ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ሁሉ ስልክ እየደወለ «እናንተ ምን መረጣችሁ?» ይባባላል። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን ፎርሙን ሦስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ የምለው አለኝ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ላስታውስ። አገረ ገዢው ማይክ ደዋይን ማርች 12 ቀን 2020 ትምህርት ቤቶች ለሦስት ሳምንት እንዲዘጉ ሲናገሩ፣ በመላ ግዛቱ ትምህርት ቤት እዘጋለሁ ያለች የመጀመሪያዋ ግዛት ኦሃዮ ነበረች። ሦስቱ ሳምንት እስከ ሜይ 1 ተራዘመ። ኤፕሪል 20 ላይ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ ወደ ክፍል እንደማይመለሱ ተነገረን። (የሁለት ሰዓቱን መግለጫ፣ በእኛ አቆጣጠር የስምንት ሰዓቱን፣ እንደ ተከታታይ ድራማ ያልተከታተለ ካለ እጁን ያውጣ። ዶክተር ኤሚ አክተንን እንግሊዝኛ የማይሰሙት እናቶቻችን ሳይቀሩ ያውቋቸዋል።) ማርች 27 የተፈረመው ሕግ፣ ሀውስ ቢል 197፣ የ2020ውን የግዛት ፈተና አስቀረ፤ ከመዘጋቱ በፊት ለመመረቅ መንገድ ላይ የነበሩ የ12ኛ ክፍል ልጆችም እንዲመረቁ በር ከፈተ። ይህ ደግ ነው። የክፍል ውጤት እንዴት ይሰጥ የሚለው ግን ለየትምህርት ዲስትሪክቱ ተተወ። ስለዚህ ሞርስ ሮድ አካባቢ ያለ ልጅና ሬይኖልድስበርግ ያለ የአክስቱ ልጅ በአንድ ወረርሽኝ ሁለት ዓይነት ሕግ ሊገጥማቸው ይችል ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ቤት ልመልሳችሁ። እህቴ ማታ መጋዘን ትሠራለች። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ ማርች 23 ሲጀምር እሷ «አስፈላጊ ሠራተኛ» ተብላ ወረቀት ተሰጥቷት መውጣቷን ቀጠለች። ጠዋት ስትመለስ ትተኛለች። ሁለቱን ታናናሾች ቁርስ የሚያበላ፣ የሦስተኛ ክፍሏን ዙም የሚከፍት፣ የትንሹን የቤት ሥራ የሚያይ ይኸው የ16 ዓመት ልጅ ነው። የራሱን ትምህርት የሚጀምረው ሌሎቹ ሲጨርሱ ነው፤ አንዳንዴ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ። ማርች ላይ ኬሚስትሪው ኤ ነበር። አሁን ሲ ነው። ልጁ አልሰነፈም። ላብራቶሪ የለም፣ መምህሩን እጅ አውጥቶ የሚጠይቅበት ክፍል የለም፣ ዋይፋዩን ለአራት ነው የሚካፈሉት።

በሌላ በኩል ከተማው ዳር የራሱ ክፍልና የራሱ ኮምፒውተር ያለው፣ አባቱ ጎኑ ተቀምጦ ከቤት የሚሠራ ልጅ አለ። እንዲያውም ካሁን በፊት የተሻለ ውጤት እያመጣ ይሆናል። የሁለቱ ልጆች ፊደል በአንድ ዓይነት ትራንስክሪፕት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ፊደሉ በዚህ ሴሚስተር የሚለካው ቤቱን ነው ብል አላጋነንኩም።

«እንግዲያው ሁሉም ፒ ይምረጥ» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት፤ ሒሳቡን ስሠራው ግን እንደዚያ ቀላል አልሆነልኝም። ጂፒኤ ኤን 4፣ ቢን 3፣ ሲን 2፣ ዲን 1፣ ኤፍን 0 ብሎ የሚወጣ አማካይ ነው። ፒ ክሬዲቱን ይሰጣል፤ አማካዩ ውስጥ ግን አይገባም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአምስት ሴሚስተር 30 ውጤት ሰብስቦ አማካዩ 3.6 ነው እንበል። ዘንድሮ ስድስት ሲ ቢያገኝ ወደ 3.33 ይወርዳል። ስድስቱም ፒ ቢሆኑ 3.6 እንዳለ ይቆያል። ስኮላርሺፕ 3.5 እየተባለ መቁረጫ በሚወጣበት አገር ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ልጅ እንውሰድ። በቅርብ የመጣች፣ እንግሊዝኛው እስኪገባት ሁለት ዓመት የተቸገረች፣ አማካይዋ 2.6 የሆነ። ዘንድሮ ተጨንቃ ስድስት ኤ ብታመጣ 2.83 ትደርሳለች። እሷን ፒ ምረጪ ማለት ያንን ሁሉ ሌሊት ከትራንስክሪፕቷ ላይ መፋቅ ነው። ስለዚህ የፊደሉ መንገድ ጨርሶ ይዘጋ የሚሉትን አልደግፍም። ሲያትል ያደረገችው ዓይነት፣ ወይ ኤ ወይ «አልተጠናቀቀም» ማለት ደግሞ ለማንም ክፉ ባይሆንም፣ ለዚህች ልጅ ኤዋን ከሌላው ሁሉ ኤ ጋር ያመሳስልባታል።

እንግዲህ ምርጫው መኖሩ ጥሩ ነው። የእኔ ቅሬታ ምርጫው በማን ላይ፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደተጣለ ነው።

ልጁ የሚመርጠው ውጤቱን ሳያይ ነው። የመጨረሻው የቤት ሥራ አልታረመም፣ የመጨረሻው ፈተና አልተሰጠም፤ እሱ ግን እስከ ሐሙስ ወይ ፊደል ወይ ፒ ይበል። ይህ ምርጫ ሳይሆን ሎተሪ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ በኤፕሪል 2020 መጨረሻ የወሰነችውን እዩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው የተለመደው ውጤት ይሰጠው ነበር፤ ካየው በኋላ ከፈለገ አማካይ ውስጥ ወደማይገባ «አልፏል» ያስለውጠው ነበር። ትምህርቱን መጨረስ ያልቻለውም ኤፍ ሳይሆን ተጨማሪ ጊዜ ያገኝ ነበር። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ማንም ልጅ ማርች 13 ቀን ከነበረበት ውጤት በታች አይወርድም ብላ ነበር። ሁለቱም ከእኛ እጅግ የሚበልጡ የትምህርት ቤት ሥርዓቶች ናቸው። እነሱ ከቻሉት እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ የከፋው ያ በትንንሹ የተጻፈው መስመር ነው። ፎርሙን የማይመልሰው ማን ነው? ኢሜይሉን ያላየው፣ ያየውም ያልገባው፣ የገባውም ሥራ ላይ የሆነው ወላጅ ነው። ፊደሉ የወረደበት ልጅም ብዙ ጊዜ የዚያው ወላጅ ልጅ ነው። ዝም ያለውን ሰው በራሱ ላይ እንደፈረደ መቁጠር ማለት ይህ ነው። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፦ ፎርም ካልመጣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለልጁ የሚሻለውን ይመዝግብ። ፊደሉ አማካዩን ከፍ ካደረገ ፊደሉን፣ ዝቅ ካደረገ ፒውን። ኮምፒውተሩ ይህንን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ኢሜይሉ የመጣው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ስንት ሶማሊ፣ ስንት ኔፓሊ ተናጋሪ፣ ስንት ስፓኒሽ ተናጋሪ፣ ስንት የእኛ ሰው እንዳለ የማያውቅ ትምህርት ቤት የለም። ብዙዎቻችን ደግሞ የማናውቀው ነገር አለ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ዋና ነገር ወላጁ በሚገባው ቋንቋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ደውላችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው፣ ልመና አይደለም። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ማድረግ ነው። የእህቴ ልጅ ፒን ለእናቱ ሲያስረዳት «ምንም አይደለም፣ ዘንድሮ ሁሉም ነው የሚያገኘው» ብሎ ነበር። እሷም ይዋሸኛል ብላ ነው እኔ ዘንድ የደወለችው።

አሁን ወደ እኛም ልመለስ፤ ጥፋቱ ሁሉ የትምህርት ቤቱ አይደለምና። እኛ ያደግንበት ካርድ ላይ ከአማካዩ ቀጥሎ «ደረጃ» የሚል ነበር። ካርድ ይዘን ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው፤ ምን ተማርክ ያለን ሰው ትዝ አይለኝም። በዚያው ካርድ ጀርባ ግን «ተዛውሯል» የሚል ቃል ነበር። ፒ ማለት እሱ ነው። ወደቀ ማለት አይደለም፣ ሰነፈም ማለት አይደለም። በዚህ ጸደይ በፒ ትራንስክሪፕቱ የሚሞላው ልጅ ደግሞ አንድና ሁለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያን የሚያህል ተቋም በዚያ ወቅት ለተወሰዱ ትምህርቶች ፊደል ካልሆነ አልቀበልም የሚለውን መስፈርት አንስቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «የእገሌ ልጅ ፒ አገኘ አሉ» እንዳይባል ብለው ልጃቸውን ሲ የሚያስመዘግቡ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ሁለቱን አነጋግሬያለሁ።

አገር ቤት ያለው ልጅ ይህ ምርጫ እንኳ አልነበረውም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ የአዲስ አበባው ልጅ በቴሌግራምና በቴሌቪዥን፣ የገጠሩ ቢበዛ በሬዲዮ ይከታተል ነበር። የ12ኛ ክፍሉ የወንድሜ ልጅ መቼ እንደሚፈተን ሳያውቅ በየቀኑ ያንኑ ደብተር ይገልጥ ነበር። አባታችን በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ትምህርቱን አቋርጦ ገጠር ሲወርድ፣ የጠፋብህ ጊዜ እንዴት ይመዝገብልህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ለዚህም ይመስለኛል እህቴ ፎርሙን እንደ ወጥመድ ያየችው። መንግሥት ጠይቆን አያውቅማ።

ፎርም ላልመለሳችሁ የምለው ይህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ካውንስለሩን ጠይቁ፦ የሦስተኛውና የአራተኛው ሩብ ዓመት ውጤት እንዴት ነው የሚደመረው? ሦስተኛው አብዛኛው ከመዘጋቱ በፊት የተሠራ ስለሆነ ልጁን ሊያድነው ይችላል። ፒ ከመረጥን በኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? ልጁ በኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ የሚወስደው ትምህርት ካለ ደግሞ ለብቻው ጠይቁ። የዚያ ውጤት በሁለተኛ ደረጃውም በኮሌጁም ትራንስክሪፕት ላይ የሚቀር ነው፤ ነገ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ ሲያመለክት ተከትሎት ይሄዳል። ልጁንም ጠይቁት፤ ስንተኛ ነህ ብላችሁ ሳይሆን፣ በስንት ሰዓት ነው የምታጠናው ብላችሁ።

እኛ ትናንት ማታ በስልክ ተቀምጠን ጨረስን። ሒሳብና የአሜሪካ ታሪክ ኤ ስለሆኑ በፊደል ይቆዩ አልን። ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ፒ። ስፓኒሹ ቢ ላይ ነው፤ እሱ ላይ ልጁና እናቱ ሩብ ሰዓት ተከራክረው ልጁ አሸነፈ፣ ፊደሉ ቀረ። የኮሌጅ ክሬዲት ፕላሱ ክፍል ፎርሙ ላይ የለም፤ ለካውንስለሩ ጽፈናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እህቴ ከሥራ በፊት ስልኳ ላይ በጣቷ ፈረመች። ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ እዚህ አገር ካርዱ ላይ ስንተኛ እንደወጣ ይጻፋል?» አለችኝ።