ያስተማረንን ቤት ማን ይጠይቀው?

ተምሮ ለሥራና ለደመወዝ የበቃ ሰው ያስተማረውን ቤት ሊረዳ እንደሚገባው ሁላችንም በቃል እናምናለን፤ በሥራ ግን የምንገኘው ጥቂቶች ነን።

በወለጋ ለዚህ ነገር የቆየ ምሳሌ አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በምጽዋ አቅራቢያና በስዊድን አገር ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጥቶ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈተ። አስቴር ጋኖም አብራው አስተማረች። ያገኙትን ዕውቀት ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም።

ዛሬ በነቀምቴ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሒሳብና ንግድ ተምሮ ከእንዲህ ያለ ቤት ከወጣው ወጣት አንዳንዱ፦ «የወጪ መጋራቱን እከፍል የለምን? ሌላ ምን ቀረብኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የወጪ መጋራት ሕግ ያስገደደው ዕዳ ነው፤ ስጦታ ከፈቃድ የሚመነጭ ነው። ዕዳውን የከፈለ ሰው ነፃ ይወጣል እንጂ ለጋስ አይባልም።

ደግሞስ ስጦታ ገንዘብ ብቻ ነውን? የባንክ ሠራተኛ በዓመት ሁለት ቀን መጥቶ ብድር እንዴት እንደሚመረመር ለተማሪዎች ቢያስረዳ፥ መጽሐፍ የማይሰጠውን ይሰጣል።

ማኅበሩን የሚመራ ሰው ከየት ይምጣ ለሚለን፥ ዕድራችንን እንመልከት። ዳኛው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበባል። መተማመኑ የጸናው በዚህ ነው። ሒሳብ የተማሩ ሰዎች ማኅበር ሒሳቡን ቢሸሽግ ግን ማን ያዋጣለታል? እንግዲህ አስቀድሞ መዝገቡ ይከፈት፤ ኪሱ በኋላ ይከፈታል።