ገጣባውን ያላየ ቁጣ

በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ አንድ የአህያ ቄራ ሥራ ጀመረ። ባለሀብቶቹ ቻይናውያን ነበሩ፤ እርዱም ለውጭ ገበያ ነበር። ወሬው እንደተሰማ ሀገር ተንጫጫ። ነዋሪው ነውር ነው አለ፤ ሽታው አስመረረው፤ በማኅበራዊ ሚዲያም ቁጣው ነደደ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው አስተዳደር ቄራውን ዘጋው። በሀገራችን የተራው ሰው ቁጣ ሥራ የጀመረን የውጭ ኢንቨስትመንት በዚህ ፍጥነት ያስቆመበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

እዚያው ቢሾፍቱ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። በኮሌጁ ለብዙ ዓመታት አህዮች ሲታከሙ ኖረዋል። ጀርባቸው የተገጠበ፣ ጭነት የታሰረበት ገመድ ደረታቸውን የላጠው፣ እግራቸው የሚያነክስ፣ ጅብ የነከሳቸው ይመጣሉ። ቄራው ከመከፈቱ በፊትም ይመጡ ነበር፤ ከተዘጋም በኋላ አልቀሩም። ለእነዚህ ግን አገር አልተንጫጫም። የሁለቱም ተጎጂ አህያ ነው። ታዲያ ቢላዋው ያን ያህል ሲያስቆጣን ገጣባው ለምን ዝም አሰኘን?

በእንስሳት ላይ በሚፈጸም ጭካኔ የሚነሣው የሕዝብ ቁጣ እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ቁጣው የሚለካው በእንስሳው ሕመም ልክ አይደለም። ሦስት ነገሮች ይቀሰቅሱታል፦ የተጎጂው አቅመ ቢስነት፣ የታማኝ አገልጋይ መከዳት፣ ከእኛ ወገን ያልሆነ በዳይ መገኘቱ። ከሦስቱ ወሳኙ የመጨረሻው ነው፤ ቁጣችንን ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚያሳጣውም እሱ ነው።

ከአቅመ ቢስነት እንጀምር። በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ለሚሆኑ ተማሪዎች ስለ አንድ የድብደባ ጥቃት የሚያወራ ልብ ወለድ ዜና ሰጧቸው። ታሪኩ አንድ ሆኖ ተጎጂው ብቻ ይለያያል፤ ለአንዱ ጎልማሳ ሰው፣ ለሌላው ሕፃን፣ ለሌላው ቡችላ፣ ለሌላው ያደገ ውሻ። ከአራቱ ዝቅተኛውን ርኅራኄ ያገኘው ጎልማሳው ሰው ነበር። ይህ ሰውን ከመጥላት የመጣ አይደለም። ጎልማሳ መሮጥ፣ መጮኽ፣ መክሰስ ይችላል ብለን ስለምናስብ ነው። እንስሳና ሕፃን ግን ራሳቸውን እንደማያድኑ እናውቃለን፤ በእነሱ ላይ የተነሣ ክንድ ፈሪነትም ጭምር ሆኖ ይታየናል።

መከዳቱ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በኦሪት ዘኍልቍ የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ተደብድባ አንደበቷ ሲፈታ ስለ ድብደባው ብቻ አልተናገረችም። ስሞታዋ ስለ ታማኝነቷም ነበር፤ እስከዚያች ቀን ጌታዋን ተሸክማ መኖሯን አስታወሰችው። በእኛም ሀገር አህያ ማለት እንዲሁ ናት። ከስምንት ሚሊዮን በላይ አህዮች አሉን፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ያለው ሌላ ሀገር የለም። ውኃው፣ እህሉ፣ ማገዶው፣ ከሰሉ በእሷ ጀርባ ይመጣል። አህያ በሌለችበት ቤት ያ ሁሉ የሚያርፈው በሴቲቱ ጀርባ ላይ ነው። ሥጋዋን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላም። ስለዚህ ቄራው ለብዙ ሰው ከንግድ ያለፈ ትርጉም ነበረው፤ ዕድሜ ልኳን ያገለገለችን አሳልፎ መስጠት ነበር።

ኑሮም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከአህያ ቆዳ የሚቀቀለው ኢጃኦ የተባለው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ፈላጊው ሲበዛ የቻይና የራሷ አህዮች ተመናመኑ፤ ነጋዴዎችም ወደ አፍሪካ ዞሩ። በኬንያ አራት ቄራዎች ፈቃድ አግኝተው ሲሠሩ የአህያ ስርቆት ስለበዛ ባለቤቶች አቤት አሉ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 ቄራዎቹ እንዲዘጉ አዘዘ። የድሃ ቁጣ ከንጹሕ ርኅራኄ ብቻ አይመጣም፤ ጓዳውንም ይጠብቃል። ይህ አያሳንሰውም። የምንኖርበትንና የምንወደውን ለይተን መቆጣት የምንችል ፍጡራን አይደለንም።

ሦስተኛው ነገር ላይ ስንደርስ ግን ቆም ማለት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሴሲል የተባለው የዚምባብዌ አንበሳ ከሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ወጣ ብሎ ሳለ ተገደለ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመከታተያ መሣሪያ በአንገቱ አስረውለት ነበር። ገዳዩ ለአደኑ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍሏል የተባለ የሚኒሶታ የጥርስ ሐኪም ነው። የዓለም ቁጣ በአንድ ሰው ላይ ወረደ፤ ክሊኒኩ ደጃፍ ተቃዋሚ ተሰለፈ፤ ክሊኒኩም ለጊዜው ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ጉድዌል ንዙ የተባለ፣ አሜሪካ የሚማር ዚምባብዌያዊ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሌላ ነገር ጻፈ። አንበሳ በመንደሩ የፍርሃት ምንጭ እንደነበር፣ አሜሪካውያን ከአፍሪካ ሰው ይልቅ ለአፍሪካ እንስሳ ማዘናቸው እንደሚገርመው ተናገረ። ቁጣው ሀብታሙን አዳኝ አጥርቶ አይቷል። አንበሳ እየፈሩ የሚያድሩትን መንደርተኞች፣ አውሬና ሰው አብረው የሚኖሩበትን መላ ግን አላየም።

ሩቅ ባለ ሰው ላይ መቆጣት ከእኛ የሚጠይቀው ዋጋ ትንሽ ነው፤ የሚያስገኘው ስም ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሌላ ሰው ላይ የተፈጸመን በደል የሚቀጣ ሰው በተመልካቾቹ ዘንድ ይበልጥ የሚታመን ሆኖ እንደሚታይ አሳይቷል። ቁጣ እንግዲህ ለተበደለው መከላከያ ብቻ ሳይሆን የተቆጪውም መታያ ነው። መታያነቱ ሲበረታ ተጎጂው ይረሳል።

ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1822 ከብትን፣ ፈረስንና በግን ከጭካኔ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በ1835 ደግሞ በሬና ድብን በውሻ ማስነከስን፣ ውሻና ዶሮ ማዋጋትን ከለከለ። እነዚህ በአብዛኛው የተርታው ሕዝብ መዝናኛዎች ነበሩ። መኳንንቱ በፈረስና በውሻ የሚያሳድዷት ቀበሮ ግን በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የደረሰላት በ2004 ነው። በሁለቱም እንስሳ ይደማል፤ የተለያየው የበዳዩ ማዕረግ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የሌላውን ሰው ጭካኔ ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የራሳቸውን ለማየት ግን ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ወሰደባቸው።

የእኛም ነገር አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው። ባዕዱን ባለ ቄራ መቆጣት ቀላል ነበር። ገጣባው ላይ ሲደረስ በዳዩ ከእኛው መካከል ይገኛል። ሲሚንቶውን ያዘዝነው፣ ጤፉን የምንገዛው እኛ ነን። ዋጋ እስኪቆረጥ ድረስ ጭነቱ ከአህያዋ ጀርባ ሳይወርድ ፀሐይ ላይ ስትቆም በአጠገቧ የምናልፈውም እኛው ነን። ነጂውን ብቻ ነጥሎ መርገም ደግሞ የ1835ቱን የእንግሊዞች ስሕተት መድገም ይሆናል። እሱ አንድ ዙር ጨምሮ ካልጫነ ማታ ለልጆቹ የሚያቀርበው የለውም። ዱላው ጥፋት ነው፤ ዱላውን ያስያዘው ችግርም አብሮ መታየት አለበት።

ሰው እየሞተ ለአህያ ማዘን ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጦርነትና ረኃብ ባዩ ሰዎች አፍ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በአክብሮት መመለስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ አሳዳጊዋ የምታሠቃያት አንዲት ሕፃን ነበረች። የሕፃኗን ነገር ያወቀች በጎ አድራጊ ሴት፣ የሚደርስላት ስታጣ የሄደችው የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር መሥራች ወደሆነው ሄንሪ በርግ ነበር። በእሱ ርዳታ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ልጅቱ ከአሠቃይዋ እጅ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ የሕፃናት ተከላካይ ማኅበር በከተማዋ ተመሠረተ። ለፈረስ መቆም የለመደ ሰው ለሕፃን ለመቆም አልዘገየም። ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ሀብት አይደለም። አቅመ ቢስን መምታት ያልተለመደበት ሀገር ለሰውም የተሻለ ሀገር ነው።

ቁጣ ሥራ ሲሆን ምን እንደሚያደርግም አይተናል። የአፍሪካ መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ለቆዳ ሲባል አህያ እንዳይታረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ለዚያ ያደረሰው ከቢሾፍቱ እስከ ናይሮቢ የተሰማው ጩኸት፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የድርጅቶች ዓመታት የፈጀ ልፋት ነው። ሆኖም ይህ ውሳኔ አህያዋን የሚያድነው ከቢላዋ ነው፤ ከጭነት አያድናትም።

ከጭነት የሚያድናት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ጀርባ የማይልጥ፣ ጭድ በደንብ የተጠቀጠቀ ኩርታን፣ በገበያ ቀን በየእህል ተራው የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም፣ የውኃ ገንዳና ጥላ ያስፈልጋታል። ማዘጋጃ ቤቶች በአንዲት አህያ ላይ የሚጫነውን መጠን ወስነው ሊያስከብሩ ይችላሉ። ጭነት ያዘዘ ሰው ደግሞ ለተጨማሪ ዙር ከፍሎ ሸክሙን ማቅለል ይችላል፤ ይህ የነጂውንም ኪስ አይጎዳም። ካህኑና ሼኩ ስለ እንስሳ ምሕረት ከሃይማኖታቸው የሚያስተምሩት ሞልቷቸዋል፤ በገበያ ማግስት ቢያስተምሩት ሰሚ አያጡም።

በሩቁ በዳይ ላይ መቆጣታችንን እንተው አልልም፤ ቄራውን የዘጋው እሱ ነውና። የምለው፣ ያው ቁጣ ጓዳችን ድረስ ይግባ ነው። የራስን ጥቅም የሚነካ ቁጣ ጩኸቱ ያንሳል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል፤ ለአህያዋ የሚተርፋትም እሱ ነው።