የገና ዱላ በልጆቻችን እጅ

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ለልጆቻችን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገዝተን እንገባለን። አባቶቻችን ግን ለገና ዱላ ወደ ዱር እንጂ ወደ ሱቅ አይሄዱም ነበር። ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ እርጥብ ሳለ ልጡ ይላጣል፤ ጉብጠቱ ካነሰ በእሳት ሞቅ ተደርጎ ይቆለመምና እስኪደርቅ በገመድ ይታሰራል። ጥንጉም ከእንጨት ይጠረባል። ቢላዋውን አባት ይያዝ፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ግን ለልጁ ይተውለት።

«እጁን ይቆርጠዋል» የሚል ሥጋት መኖሩን እናውቃለን፤ እኛም በቤታችን ብለነዋል። ዳሩ ግን በልጅነቱ መሣሪያ ያልጨበጠ እጅ ኋላ ሲጨብጠው ይበልጥ ያሰጋል።

ልደቱን የምናከብርለት ጌታ በጸራቢው በዮሴፍ ቤት አደገ፤ የአገሩ ሰዎች እርሱን ራሱን «ጸራቢ» እንዳሉት ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ (6፥3) ጽፏል። እነርሱ ይህን ያሉት ለማቃለል ነበር። እኛስ ልጃችን «አናጢ ልሁን» ቢለን ፊታችን የሚጠቁረው በሌላ ምክንያት ነውን?

እርጥብ እንጨት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋልና፣ ለዘንድሮው ገና ዱላ ያልደረሰለት ቤት ከደረቅ ጉማጅ ጥንጉን ብቻ ቢጠርብ አያፍርም።