ሳይቆጠር የተዘጋ ሒሳብ

መተዳደሪያዬ ገንዘብ መቁጠር ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቀበላለሁ፤ እከፍላለሁ። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ በመሳቢያዬ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር መገናኘት አለበት። አምስት ዶላር ከጎደለች ጎደለች ነው፤ አለቃዬ ቢወደኝም፣ ባልደረባዬ ቢያዝንልኝም ጉድለቱ ጉድለት ነው። ሒሳብ የሚዘጋው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ሳይቆጠር የተዘጋ ሒሳብ ሌላ ስም አለው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ባንክ ላወራችሁ አይደለም። ከባንኩ ውጭ የምወዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ የብራዚል ጁ-ጂትሱ ነው፤ ሁለተኛው ግጥም። ሁለቱም በወዳጅነት ስም ሳይቆጠሩ ሲዘጉ አየሁ። በአንደኛው መዝጊያ ላይ እኔ ራሴ ፈርሜአለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ክስ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ።

ጁ-ጂትሱን የጀመርሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ባደግሁበት ሰፈር ልጆች ግብግብ ሲገጥሙ እኔ የልብስ ጠባቂ ነበርሁ። ወደዚህ ነገር የመራኝ ዓርብ ዓርብ ደመወዙን ሊያስገባ ወደ መስኮቴ የሚመጣ ኤልሳልቫዶራዊ ቤት ቀቢ ነው። ጆሮዎቹ አብጠውና ተጨማድደው አይቼ ምን እንደ ነካቸው ጠየቅሁት። በማግስቱ ወደሚለማመድበት አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። በዚያች የመጀመሪያ ምሽት በክብደት ከእኔ ሃያ ኪሎ የምታንስ ሴት ስድስት ጊዜ እጅ አሰጠችኝ።

«እጅ መስጠት» የሚለው አነጋገራችን እዚያ ምንጣፍ ላይ እንደሚገጥመው የትም ሲገጥም አላየሁም። አንገትህ ሲታነቅ፣ ወይም ክንድህ ከመታጠፊያው አልፎ ሊጠመዘዝ ሲል፣ የባላጋራህን ገላ ወይም ምንጣፉን በእጅህ መታ መታ ታደርጋለህ። ወዲያው ይለቅሃል። ትነሣላችሁ፤ እጅ ለእጅ ትነካካላችሁ፤ እንደ ገና ትጀምራላችሁ። በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ መሸነፍ ይቻላል። ነውሩ እጅ መስጠት አይደለም፤ ነውሩ መስጠት ሲገባ እምቢ ብሎ ክንድን ማሰበርና ነገ ከልምምድ መቅረት ነው። የሽንፈት ዋጋ እንዲህ ርካሽ ስለ ሆነ ሁሉም ሰው በሙሉ ኃይሉ ሊታገል ይችላል። በሙሉ ኃይሉ ስለሚታገልም ማንም ሰው ያልሆነውን ነኝ ብሎ አይቆይም።

ይህ ልማድ ከሩቅ የመጣ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ከጥንቱ ጁ-ጂትሱ አደገኛ የሆነውን ከነጻ ፍልሚያው ለይቶ አወጣ፤ በቀረው ግን ተማሪዎቹ ሳይተዛዘኑ እርስ በርስ እንዲፈታተኑ አደረገ። የኮዶካኑ ሰው ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ በኋላም በቤሌም ከተማ ተቀመጠ። ካርሎስ ግሬሲ ከእርሱ ተማረ፤ ካርሎስና ታናሽ ወንድሙ ሄሊዮም ከሌሎቹ ወንድሞቻቸው ጋር የመሬት ላይ ትግሉን አዳብረው ዛሬ የብራዚል ጁ-ጂትሱ የምንለውን አቆሙ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ አንድ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1951 ሄሊዮ ግሬሲ በሪዮ ዲ ጃኔሮው የማራካና ስታዲየም ከታላቁ ጃፓናዊ ጁዶ ተጫዋች ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ከበደው፤ ክንዱን ከጀርባው ጠምዝዞ ያዘው። ሄሊዮ እጅ አልሰጠም፤ ግጥሚያውን ያስቆሙት ከዳር የነበሩት ወገኖቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ብራዚላውያኑ ያን ሽንፈት አልቀበሩትም፤ አልሸፋፈኑትም፤ መምህራቸውን ያሸነፈበትን አያያዝ በአሸናፊው ስም ጠሩት። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የጁ-ጂትሱ ተማሪ ያንን ጥምዘዛ የሚያውቀው «ኪሙራ» ብሎ ነው። የራሱን ሽንፈት የትምህርት ርዕስ ያደረገ ጥበብ እንዴት አይከበር!

እንግዲህ ወደ እኔ ፊርማ እንምጣ።

ባለፈው የጸደይ ወራት በሰማያዊ ቀበቶ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ምድብ ለውድድር ቀረብሁ። ያ ቤት ቀቢ ወዳጄም በዚያው ምድብና ክብደት ተመዝግቦ ነበር። በደንቡ ከአንድ ቡድን የመጡ ሁለት ሰዎች በድልድሉ ሰንጠረዥ በተቃራኒ ጎኖች ይቀመጣሉ፤ እኛም ብንገናኝ በፍጻሜው ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ ባላጋራዬን ገልብጬ ሁለት፣ እግሮቹን አልፌ ሦስት ነጥብ አገኘሁ፤ አምስት ለሁለት አለቀ። በግማሽ ፍጻሜው ከባልቲሞር የመጣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገጠመኝ። እስከ አራተኛው ደቂቃ ድረስ ይመራኝ ነበር። በመጨረሻ ኮሌታውን ይዤ አነቅሁት፤ እጅ ሰጠ። ነሐሱን ይዞ አንገቱን እያሻሸ ከምንጣፉ ዳር ቆመ፤ ያሸነፈው ሰው እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት ፈልጎ ነው። በሌላው ጎን ወዳጄም አሸንፎ መጣ።

አሠልጣኛችን ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፎ «ምድቡን ዘጋነው!» አለ። በዚህ ስፖርት የታወቀ ልማድ ነው፤ ሁለት የአንድ ቡድን ሰዎች ለፍጻሜ ሲደርሱ አይታገሉም፤ ወርቁን ማን እንደሚወስድ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ደንብ አይጥስም። ወዳጄ ሳያመነታ «አንተ ውሰደው፤ ፎቶውን ለእናትህ ላክላት» አለኝ። ወደ ምንጣፉ ገባን፤ ተቃቀፍን፤ ዳኛው የእኔን እጅ አነሣ። የእሳት አደጋው ሠራተኛ «አትታገሉም እንዴ?» አለ። መልስ አልሰጠነውም። ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ።

ማታ አዲስ አበባ ደወልሁ። ፎቶው ደርሷት ስለ ነበር እናቴ እልል አለች። ቀጥላም፣ እንደ ማንኛውም ትግል እንደሚያውቅ ሰው፣ «ልጄ፣ ማንን ጥለህ ነው ያገኘኸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጓደኛዬን» አልሁ።

«ተጎዳብህ?»

«አልተጎዳም፣ እማዬ።»

ሁለተኛው መልሴ እውነት ነበር።

ምድብ መዝጋትን የሚከላከሉ ወዳጆቼ ሦስት ነገር ይሉኛል። አንደኛ፣ አብረው የሚውሉ ሰዎች ለሜዳሊያ ብለው ሊጎዳዱ አይገባም ይላሉ። እኔና እርሱ ግን በሳምንት ሦስት ምሽት ያለ ዳኛ፣ ያለ ነጥብ፣ ከውድድር በማይተናነስ ኃይል እንታገላለን። ለልምምድ ያልከበደን ለፍጻሜ እንዴት ከበደን? የፈራነው መጎዳትን አይደለም፤ ከሁለታችን ማን እንደሚበልጥ በሰው ፊት መታወቁን ነው። ሁለተኛ፣ ቡድኑ አንደኛና ሁለተኛ ከወጣ ምን ጎደለው ይላሉ። እውነት ነው፤ ለቡድኑ ምንም አልጎደለውም፤ ብንታገልም ባንታገልም ነጥቡ ያው ነበር። የጎደለው ለእኛ ነው፤ ለዚያ ከዳር ቆሞ ለጠበቀውም ሰው ነው። እርሱ በላቡ ተሸንፎ የሄደበትን ውድድር እኛ በመተቃቀፍ ጨረስነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ክርክራቸው ፍቅር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ሻምፒዮና ቡሼሻ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ማርከስ አልሜይዳ፣ ትከሻው ተጎድቶ መታገል ላልቻለው ለሌአንድሮ ሎ ወርቁን መልቀቁን እየጠቀሱ፣ ይህስ ውበት አይደለም ወይ ይሉኛል። ውበት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። በዚያ ፍጻሜ አንደኛው ሰው መታገል አይችልም ነበር፤ ስጦታውም የተሰጠው በግልጥ ነው። እኛ ሁለት ጤነኞች ነበርን። እኛን የያዘን ፍቅር አይደለም። እኛን የያዘን በአገራችን ጥሩ አድርገን የምናውቀው፣ ስሙም ይሉኝታ የሚባለው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ሆይ፣ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» እንዳትሉ። በወር አንድ ቅዳሜ በምንሰበሰብበት የግጥም ማኅበር ምድቡ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አንዱ ያነብባል፤ ይጨበጨባል። ሌላው ያነብባል፤ ይጨበጨባል። ቡና ይቀዳል፤ «ግሩም ነው»፣ «ልብ ይነካል» ይባባላል። ሁላችንም ወርቅ አጥልቀን ወደየቤታችን እንሄዳለን። የሌላ ሰው ስንኝ ጠቅሼ እንዳላስቀይም የራሴን ላቅርብ። ባለፈው ዓመት ያነበብሁትና ቤቱ ቆሞ ያጨበጨበለት ግጥሜ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

አገሬ ናፍቆትሽ ልቤን አነደደው፣
እንደ ክረምት ዓባይ ጠርጎ እየወሰደው።

ከዚያ ውድድር በኋላ ይህን ግጥም ደግሜ አነበብሁት። ጥርጣሬ ገባኝና፣ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የተማሩ፣ በማኅበራችን ዘወትር ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ አዩት።

«ልጄ፣ በመጀመሪያው ስንኝ ያነደድኸውን እሳት በሁለተኛው ጎርፍ ለቀህ አጠፋኸው። ለመሆኑ ዓባይን በክረምት አይተኸዋል?»

አላየሁትም። አንድ ጊዜ በበጋ፣ በአውቶቡስ መስኮት፣ ድልድዩን ስንሻገር አይቼዋለሁ። «ወሰደው» ያልሁትም «አነደደው» ቤት እንዲመታልኝ ነው። እጅ ሰጠሁ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ፊት? እንዴት ብዬ!»

ይህን ያሉኝ በቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጓደኞቹ እየሰሙ መምህሩ ያርመዋል፤ ቤት የጎደለው፣ ምሥጢሩ ያልገጠመው ይታወቃል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ በጭብጨባ የተሸጋገረ ተማሪ አልሰማሁም። እንግዲህ «ይህ ትችት የምትሉት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉን ሰዎች የገዛ ቤታቸውን ረስተዋል። ሰምና ወርቅን ለዓለም የምንናገር ሕዝብ፣ በየወሩ ሰሙን ብቻ እየተቀባበልን ወርቅ ነው ብለን እንለያያለን።

ትችት ጭካኔ እንዲሆን አልመኝም። ምንጣፉ ላይ ጨካኝ ሰው ሲገኝ አብሮት የሚለማመድ ያጣል። ሥርዓቱ ግልጥ ነው፤ አጥብቀህ ያዝ፣ ሰውየው እጅ ሲሰጥ ወዲያው ልቀቅ፣ ከዚያም እንዴት እንደ ያዝኸው አሳየው። በግጥምም እንዲሁ ይሁን። ስንኙን ያዙ፤ ገጣሚውን ተዉ። የቱ ጋ እንደ ላላ አሳዩት። ስሕተቱን ሲቀበል ልቀቁት፤ ቡናውንም አብራችሁ ጠጡ። ለማኅበራችን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሲያነብብ ከጭብጨባው በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ያልቆመለትን አንድ ስንኝ ይናገር። ተራው ሲደርስ እርሱም ያንብብ፤ እርሱንም ይያዙት። ለቡድኔም የምለው ያው ነው፤ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ለፍጻሜ ከደረሱ ይታገሉ። ለወንድምህ ልትሰጠው የምትችለው ትልቁ ክብር ሙሉ ኃይልህ ነው።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ልምምድ አልቆ ሰዉ ሲበተን ወዳጄን «ያልታገልነውን አምስት ደቂቃ እንታገለው» አልሁት። ሣቀ፤ ግን ሰዓቱን ሞላ። ዳኛ አልነበረም፤ የሚጠርገው ልጅ ብቻ መጥረጊያውን ተደግፎ ያየን ነበር። አራተኛው ደቂቃ ላይ ክንዴን ከጀርባዬ ጠመዘዘው። አያያዙ ራሱ ኪሙራ ነበር። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁ።

ሜዳሊያውን ላስረክበው ከቦርሳዬ ባወጣው እምቢ አለኝ፤ «የእናትህ ነው» አለ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ከሥራ ስመለስ መሳቢያዬን ስከፍት አየዋለሁ፤ በባንኩ ቋንቋ ትርፍ ነው፤ ትርፍ ደግሞ እንደ ጉድለት ሁሉ የሒሳብ ስሕተት ነው። ለእናቴ ገና አልነገርኋትም። በሚቀጥለው እሑድ ስደውል እነግራታለሁ፤ «ጓደኛዬ ጣለኝ» እላታለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም አዲስ ግጥም ይዤ እመጣለሁ። እባካችሁ፣ ሳትቆጥሩ አትዝጉብኝ።